ባለርስቶቹ ዶሮዎችና እንግዶቹ ቄቦች

በጓሮው ስምንት ወይም ዐሥር ዶሮ ያለው ቤተ ሰብ፥ ዶሮዎቹ እያረጁ እንቍላላቸው ሲቀንስ፥ አዳዲስ ጫጩቶች ገዝቶ ለመጨመር ማሰቡ ተገቢ ነው። ዛሬ በከተማም በገጠርም «የአርባ አምስት ቀን ጫጩት» እየተባለ የሚሸጠውን፥ በማሽን ተፈልፍሎ በአሳዳጊ እጅ ላባ አውጥቶ የሚመጣውን ጫጩት የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አባወራው ስድስቱን በካርቶን ይዞ ይገባል፤ ልጆቹ ደስ ብሏቸው ይከቡታል፤ ካርቶኑም በጓሮው መካከል ይከፈታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ አይተውታል። ነባሮቹ ዶሮዎች መጀመሪያ አንገታቸውን አቅንተው ዝም ብለው ይመለከታሉ፤ ቀጥሎም አንዲቱ ትመጣና የጫጩቱን ራስ ትነቍራለች፤ ሌላይቱ ትከተላለች፤ ጫጩቶቹም የሚሸሹበትን ስለማያውቁ ከአጥሩ ጥግ ይከማቻሉ። ማታ ሲቈጠሩ አንዱ ራሱ የተላጠ፥ አንዱ ዐይኑ የጠፋ፥ አንዱም ከማገዶው ክምር ሥር ገብቶ በብርድ የሞተ ሆኖ ይገኛል።

የቤቱ እመቤት በዚህ ጊዜ «በእናቴ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ እነዚህ የፈረንጅ ዶሮዎች ክፉዎች ናቸው» ማለትዋ አይቀርም። አላየሁም ማለትዋ እውነት ነው፤ ክፋቱን ለፈረንጅ ዶሮ መስጠትዋ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በእናትዋ ቤት ጫጩቶቹን የምታሳድገው ዶሮይቱ ነበረች። ሃያ አንድ ቀን ታቅፋ የፈለፈለቻቸውን ልጆችዋን አስከትላ ስትወጣ፥ ላባዋን ነፍታ ክንፍዋን ዘርግታ ስለምትሄድ፥ ከነባሮቹ አንዲቱም ደፍራ አትጠጋትም፤ አውራው ዶሮ እንኳ መንገድ ይለቅላታል። ወንጌል የእናት ዶሮን ክንፍ ምሳሌ አድርጎ ማንሣቱ ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ በዐይኑ ከሚያየው ነገር ነው። ጫጩቶቹም ሁለት ሦስት ወር በእናታቸው ጥላ ሥር ሆነው ከነባሮቹ ጋር በአንድ ሜዳ ሲጭሩ፥ ማን እንደሚፈራ፥ ለማንስ መንገድ እንደሚለቀቅ ይማራሉ። እናቲቱ በቃችሁ ብላ ስታባርራቸው ለመንጋው እንግዶች አይደሉም።

ሁለተኛም ነገር አለ። የእናትዋ ጓሮ እስከ ጐረቤት ማሳ ድረስ የሰፋ ነበር። የተነቈረች ቄብ ሃያ ክንድ ያህል ሮጣ ከቍጥቋጦ ሥር ትገባለች፤ ያሳደደቻትም ዶሮ ትታት ወደ ጥሬዋ ትመለሳለች። በከተማ ግን ዶሮው የሚኖረው በቆርቆሮ አጥርና በወጥ ቤት መካከል ባለች ጥቂት እርምጃ ቦታ ላይ ነው። የተሸነፈችው የምትሸሽበት ስለሌላት መሸነፍዋን በመሸሽ ማስታወቅ አትችልም፤ ያሸነፈችውም ገና እንዳላሸነፈች ቈጥራ መንቈርዋን ትቀጥላለች። እንግዲህ በካርቶን የመጣው ጫጩት ሁለት ነገር ጐድሎታል፤ እናትና ሜዳ። ባለቤቱ እነዚህን ሁለት ጕድለቶች በእጁ ሊሞላለት ይገባዋል።

ነባሮቹ ዶሮዎች በመካከላቸው የጸና ሥርዓት አላቸው። ይህን ሥርዓት በጥናት መርምሮ ያስታወቀው ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ ኤቤ የሚባል የኖርዌይ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን እየተመለከተ የትኛይቱ የትኛይቱን እንደምትነቍር ሲከታተል ኖሮ፥ የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1922 አሳተመ። በአንድ መንጋ ውስጥ አንዲቱ ዶሮ ሁሉን ትነቍራለች፥ እርስዋን የሚነቍራት የለም፤ ሁለተኛይቱ ከመጀመሪያይቱ በቀር ሁሉን ትነቍራለች፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻይቱ ይወርዳል፤ ይህችም ከሁሉ ትነቈራለች እንጂ ማንንም አትነቍርም። አልፎ አልፎም ሦስት ዶሮዎች በክብ ተያይዘው አንዲቱ ሁለተኛይቱን፥ ሁለተኛይቱ ሦስተኛይቱን፥ ሦስተኛይቱ ደግሞ ተመልሳ የመጀመሪያይቱን ስትገዛ ይታያል። (ስለ ሰዎች ስንናገር «ይናቈራሉ» የምንለው ቃል ሥሩ ይኸው የወፍ መንቁር መሆኑን ልብ ይሏል።)

ይህ ተራ አንድ ጊዜ ከጸና በኋላ በመንጋው ሰላም ይሆናል። ጥሬ ሲበተን ታናሺቱ ለታላቂቱ ትለቅላታለች፤ ማታም በቆጡ ላይ እያንዳንዲቱ ቦታዋን ታውቃለች። እንግዳ ሲመጣ ግን ተራ የለውምና ሁሉም ይፈትነዋል። ሌላው ቀርቶ የቤቱ ዶሮ ራስዋ ታማ ጥቂት ሳምንት ተለይታ ብትመለስ እንደ እንግዳ ልትቈጠር ትችላለች። መምህር የሆነ ሰው አዲስ ተማሪ በዓመቱ አጋማሽ ወደ ክፍል ሲገባ የሚሆነውን ስለሚያውቅ ይህ አይደንቀውም። ልዩነቱ ግን ተማሪውን መምህሩ እጁን ይዞ ማስቀመጥ ይችላል፤ ዶሮ ተራዋን ራስዋ ካላወጣች ማንም አያወጣላትም። ስለዚህ የባለቤቱ ሥራ ጠቡን ማስቀረት አይደለም፤ አይቻልምም። ሥራው ጠቡ ያለ ደምና ያለ ሞት እንዲያልቅ ማድረግ ነው።

ከጠቡ በፊት የሚቀድም ጕዳይ ደግሞ በሽታ ነው። ጠብ አንድ ሁለት ጫጩት ይገድል ይሆናል፤ ፈንግል ግን ካልተከተበ መንጋ አብዛኛውን፥ አንዳንድ ጊዜም ሁሉን ይፈጃል። በብዙ ቤት የእንቍላል ገንዘብ የእናቲቱ ገንዘብ መሆኑን አንርሳ፤ የልጆቹ ደብተር፥ ሳሙናው፥ ዕጣኑና ጧፉ የሚገዛው በእርሱ ነው። ያ ሁሉ በአንድ ሳምንት ባዶ ቆጥ ሆኖ ሲቀር ማየት ቀላል ኀዘን አይደለም።

የፈንግል በሽታ በዶሮው ሰውነት ገብቶ እስኪገለጥ ድረስ ከ2 እስከ 15 ቀን፥ አብዛኛውን ጊዜም 5 ወይም 6 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ ከገበያ ደኅና መስላ የመጣች ዶሮ በሚመጣው ሳምንት ልትወድቅ ትችላለች። እንግዳ ሁሉ፥ ከታወቀ አሳዳጊ የተገዛም ቢሆን፥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፥ ቢቻልም አንድ ወር፥ ከነባሮቹ ርቆ በቤቱ ሌላ ወገን ይቀመጥ። የውሃውና የመኖው ዕቃ ለብቻው ይሁን። ለነባሮቹ አስቀድሞ መግቦ ለእንግዶቹ ኋላ መመገብ፥ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብና ጫማን መለወጥ ያስፈልጋል። በሁለት ልጆች መካከል ሥራውን ከፍሎ አንዱን የነባሮቹ፥ አንዱን የእንግዶቹ ጠባቂ ማድረግም መልካም ዘዴ ነው።

እዚህ ላይ በቤቶቻችን ስለተለመደ አንድ ነገር እንናገር። ለፋሲካ ወይም ለገና የሚታረደው አውራ ዶሮ ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ ከገበያ ይገዛና እግሩ ታስሮ በጓሮው፥ ከቤቱ ዶሮዎች አጠገብ ይቀመጣል፤ ከውሃቸው ይጠጣል፥ ከጥሬያቸው ይለቅማል። በዚያ ሰሞን ገበያው ከየአገሩ በመጡ ዶሮዎች የተጨናነቀ ስለ ሆነ፥ በሽታ ለመለዋወጥ ከዚያ የሚመች ስፍራ የለም። አውራው ቅዳሜ ይታረዳል፤ ያመጣው በሽታ ግን በጓሮው ይቀራል። እንግዲህ የበዓሉ ዶሮ ከነባሮቹ በማይተያይበት ቦታ ይታሰር። ላባው፥ አንጀቱና የታጠበበት ውሃ ወደ ጓሮው አይጣል፤ በጕድጓድ ይቀበር። ሥጋው ተደጋግሞ የሚታጠብበት ያ ሁሉ ውሃ ዶሮዎቹ በሚጭሩበት መሬት ላይ ሲደፋ ማየት የተለመደ ነው፤ መቅረት የሚገባው ልማድ ነው።

ፈንግል ከያዘ በኋላ የሚያድነው መድኀኒት የለም፤ ክትባት ግን አለው። የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቆ፥ ነባሮቹም እንግዶቹም ሳይገናኙ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው እንዲከተቡ ማድረግ ነው። ጫጩቶቹን ከሸጠው ሰው ምን ምን ክትባት በስንተኛው ቀናቸው እንደተሰጣቸው አስጽፎ መቀበል ይገባል። በሽታው ከእንግዳው ብቻ የሚመጣ መሆኑን የሚያስቡ ሰዎች ግን ግማሹን ብቻ ያውቃሉ። ኮክሲዲዮሲስ የተባለው ደም የሚያስቀምጥ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ከነባሩ ወደ እንግዳው ነው። ሙሉዋ ዶሮ ለምዳው ምንም ሳይታይባት በኵስዋ ታወጣዋለች፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያለ ጫጩት ሲለቅመው ክንፉን ጥሎ፥ ላባውን አቁሞ፥ ደም እያስቀመጠው ይሞታል። እርጥበት ይህን በሽታ ያበረታዋልና የጫጩቶቹ ወለል በደረቅ ገለባ ወይም ሰጋቱራ ይሸፈን፤ የረጠበውም ወዲያው ይነሣ። ጫጩቶችን በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ከነባሮች ጋር ከመቀላቀል መስከረም እስኪጠባ መታገሥ የሚሻለውም ስለዚህ ነው። ዶሮዎቹ ዝናሙን ሸሽተው ቀኑን ሙሉ በቤት ውስጥ ስለሚታፈጉ ጠቡም በዚያው ወራት ይከፋል።

የጫጩቱ መጠን ሁለተኛው ጕዳይ ነው። የአርባ አምስት ቀን ጫጩት ከሙሉ ዶሮ ግማሹን አያህልም፤ አንድ ጊዜ በኀይል ብትነቍረው ይሞታል። ስለዚህ ለብቻው አድጎ ቁመቱ ከነባሮቹ ጋር እስኪቀራረብ፥ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ መቈየት አለበት። በዚህ ነገር ከቀን መቍጠሪያው ይልቅ ዐይን ይሻላል። ነባሮቹ የሀበሻ ዶሮዎች፥ እንግዶቹም ሳሶ ወይም በደቡብ አፍሪቃ የወጣው በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ወደ አገራችን የገባው ኮኮክ ከሆኑ፥ እንግዶቹ ቶሎ ስለሚያድጉ የሚስተካከሉበት ጊዜ ይፈጥናል፤ አብዝቶ ያዘገየ ሰውም ግዙፋን ቄቦች ትንንሾቹን የሀበሻ ዶሮዎች ከመኖው ሲገፉ ሊያይ ይችላል። ደግሞም አንድ ቄብ ብቻውን ወደ መንጋ አይግባ። የመንጋው ቍጣ ሁሉ በአንዱ ላይ ከሚያርፍ በአራት ወይም በአምስት ላይ ቢከፋፈል ይሻላልና፥ አብረው ያደጉት አብረው ይግቡ።

ይህን ሁሉ ድካም የሚያሳጥር አንድ አሮጌ መንገድ አለ፤ እርሱም የጐደለችውን እናት ማምጣት ነው። በቤቱ ታቅፋ የምትቀመጥ ዶሮ ካለች፥ ሁለት ሳምንት ከተቀመጠች በኋላ ወደ ሃያ አንደኛው ቀንዋ ስትቃረብ፥ ከተፈለፈሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን የሆናቸውን ጫጩቶች ከታመነ ቦታ ገዝቶ፥ ሌሊት በጨለማ አንድ በአንድ ከሆድዋ በታች ማስገባትና እንቍላሎቹን ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል። ለአንዲት የሀበሻ ዶሮ ዐሥር ይበቃታል። ጎህ ሲቀድ ግን ባለቤቱ ተነሥቶ ማየት አለበት። ዝቅ ባለ ድምፅ እየጠራቻቸው ከክንፍዋ ሥር ካስገባቻቸው ተቀብላቸዋለች፤ ከነቈረቻቸው ወዲያው ይወሰዱ፤ ማግባባት የለም። አንድ ሳምንት የሞላውን ጫጩት ግን እንዲህ አድርጎ መስጠት ከንቱ ድካም ነው፤ እርስዋ ብትቀበለው እንኳ እርሱ እናት አያውቅም።

እናት ያልተገኘ እንደ ሆነ በእርስዋ ፈንታ የሚቆመው ሽቦ ነው። በዶሮው ቤት ወይም በጓሮው አንድ ጥግ በወንፊት ሽቦ ይከለልና፥ የመለያው ጊዜ ካለቀ በኋላ እንግዶቹ በውስጡ ይግቡ። ነባሮቹ ያዩአቸዋል፥ ድምፃቸውን ይሰማሉ፥ ሽቦውን ይነቍራሉ፥ ነገር ግን አይደርሱባቸውም። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በሽቦው ግራና ቀኝ መመላለስና አንገት መንፋት ይበዛል፤ በኋላ እየሰለቻቸው ይሄዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ የሁለቱን ወገኖች መኖ በሽቦው በዚህና በዚያ አቀራርቦ ማስቀመጥ ነው፤ በየቀኑ ፊት ለፊት እየተያዩ አብረው መብላትን ይለምዳሉ። ይህ አንድ ሳምንት ቢሆን ጥሩ፥ ሁለት ቢሆን የተሻለ ነው። ለማሳጠር የሚቸኵል ሰው ሽቦውንም ባይገዛ ይሻለው ነበር።

ቀጥሎ የጐደለውን ሜዳ ማዘጋጀት ነው። ጓሮውን ማስፋት ባይቻልም መሸሸጊያ ማብዛት ይቻላል። አንድ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር፥ በአጥሩ ላይ ዘንበል ብሎ የቆመ ቆርቆሮ፥ የተደፋ አሮጌ ቅርጫት፥ እነዚህ ሁሉ አሳዳጅዋን ከተሳዳጅዋ ዐይን ለዐይን እንዳይተያዩ ያደርጋሉ፤ ለዶሮ አለመተያየት ማለት መራቅ ማለት ነው። ነገር ግን መሸሸጊያው ሁሉ ሁለት በር ይኑረው፤ መውጫ የሌለው ጥግ ወጥመድ እንጂ መሸሸጊያ አይደለም። ቄቦቹ ገና ቀጫጭኖች ሳሉ በሽቦው ሥር ዐሥር ሳንቲሜትር ያህል ቀዳዳ ቢተውላቸው፥ እነርሱ ሲገቡበት ወፍራሞቹ ስለማይችሉ ከሁሉ የተሻለ መጠጊያ ይሆናቸዋል። መኖና ውሃም አንዱ ከሌላው በማይታይበት በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዲት ትዕቢተኛ ዶሮ ሁለት ገበታ ባንድ ጊዜ ልትጠብቅ አትችልምና። በዶሮው ቤት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ከአራት ዶሮ በላይ ባይበዛ፥ በቆጡም ላይ ለእያንዳንዲቱ ሃያ ሳንቲሜትር ቢለካላት ደግ ነው። ቦታው ይህን የማይበቃ ከሆነ አስቀድሞ አሮጌዎቹን መቀነስ ነው እንጂ መጨመር አይደለም። የጾም ፍች ሲደርስ የትኛይቱ ወደ ድስት እንደምትሄድ የሚከራከሩ ቤተ ሰቦች በዚህ ምክንያት ክርክራቸውን ሊያሳጥሩ ይችላሉ።

የመቀላቀያው ቀን ሲደርስ በመጀመሪያ ነባሮቹ ተዘግተው እንግዶቹ ብቻቸውን ግቢውን ለጥቂት ሰዓት ይዙሩት። የትኛው ቀዳዳ ወዴት እንደሚያወጣ፥ ውሃው የት እንደ ሆነ ሳያውቅ የሚሸሽ ወደ አሳዳጁ ይሮጣል። ፀሐይ ልትገባ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራት ሁሉም ባንድነት ይለቀቁና ጎመን ወይም ጥሬ በሰፊው ይበተንላቸው። ሁሉም ለመልቀም ይጣደፋሉ፤ ጥቂት ይናቈራሉ፤ ወዲያው ይመሽና ሁሉም ወደ ቆጡ ይሄዳሉ። ሲጨልም ቄቦቹን አንሥቶ በቆጡ ላይ ከነባሮቹ ጐን ማስቀመጥ ነው። «ሌሊት ካስገባሃቸው ጠዋት ሲነቁ ሁልጊዜ አብረው የነበሩ ይመስላቸዋል» ሲባል እንሰማለን። ዶሮ ይህን ያህል ሞኝ አይደለችም፤ የሌሊቱ ጥቅም የመጀመሪያው ሰዓት በጸጥታ እንዲያልፍ ማድረጉ ብቻ ነው። ፍልሚያው ጎህ ሲቀድ ይጠብቃል። ስለዚህ በሩ በማለዳ ይከፈት፤ ከተዘጋ ቤት ውስጥ የሚሸሽበት የለምና። ባለቤቱም በዚያ ጠዋት ከቤት አይራቅ። ዓርብ ማታ አቀላቅሎ ቅዳሜን ሲጠብቅ መዋል ይመቻል፤ እሑድ ጠዋት ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ለቅዳሴ ሲወጣ ቄቦቹ እስከሚመለስ ድረስ ወደ ሽቦው ክልል ይመለሱ።

በዚያ ቀን የሚታየውን ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰዎች ትንሹን ጠብ አይተው እየገቡ ይለያያሉና ተራው ሳይወጣ ይቀራል። አንገት መንፋት፥ ደረት ለደረት መጋጠም፥ አንድ ሁለት ጊዜ ነቍሮ ማባረር፥ ጥቂት ላባ መንቀል፥ ይህ ሁሉ ሊታለፍ የሚገባው ነው። ቄቧ ዝቅ ብላ ወይም ሸሽታ ሌላይቱ ከተወቻት ነገሩ በሥርዓቱ ሄዷል ማለት ነው። ደም ከታየ ግን አንድ ደቂቃ አይጠበቅ። የቀይ ነገር መታየት መንጋውን ሁሉ ይጠራልና፥ የደማችው ወዲያው ተለይታ ቍስልዋ ለብ ባለ የጨው ውሃ ታጥቦ እስኪሽር ድረስ በሽቦው ውስጥ፥ ነባሮቹ እያዩዋት፥ ትቀመጥ። እንደዚሁም አንዲት ቄብ ቀኑን ሙሉ ከጥግ ሳትወጣ፥ ሳትበላና ሳትጠጣ ከዋለች ደም ባይታይባትም ተጐድታለች። ማታ ማንቁርትዋ ሥር ያለውን ከረጢት በእጅ መዳሰስ ነው፤ ባዶ ከሆነ ያልበላች መሆንዋ ይታወቃል።

አንዲት ነባር ዶሮ ከሁሉ ተለይታ የምታሳድድ የሆነች እንደ ሆነስ? ልማዳችን የተነቈረችውን መለየት ነው፤ ነገር ግን የነቈረችውን መለየት ይበልጣል። ያቺን አሳዳጅ ሦስት ወይም አራት ቀን መንጋውን በማታይበት ቦታ፥ በቂ መኖና ውሃ ሰጥቶ ማቈየት ነው። እርስዋ በሌለችበት ቄቦቹ ከቀሩት ጋር ይላመዳሉ፤ እርስዋ ስትመለስ ቦታዋን እንደ አዲስ መፈለግ ስላለባት ቍጣዋ ይበርዳል። በዚህ ዘዴ የማትመለስ ዶሮ አልፎ አልፎ አትጠፋም፤ እርስዋን መሸጥ ነው።

ስለ አውራ ዶሮዎች አጭር ቃል ይበቃል። ሙሉ አውራ ለቄቦች አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ በዶሮዎች ጠብ መካከል ገብቶ ሲያበርድም ይታያል። ነገር ግን ገና ያልበሰሉትን ቄቦች በክብደቱ እንዳይጐዳቸው መጠበቅ ያስፈልጋል። ከእንግዶቹ መካከል ጎረምሳ አውራዎች ከተገኙ ግን ድምፃቸው መጐርነን ሲጀምር ከነባሩ አውራ ጋር መጋጠማቸው አይቀርም። ለዐሥር ዶሮ አንድ አውራ ስለሚበቃ የተረፉት ለበዓል ይለዩ።

በመኖው በኩል ግን ብዙዎች የማያስቡት አንድ ነገር አለ። ለእንቍላል ጣይ የሚዘጋጀው መኖ የእንቍላሉን ቅርፊት እንዲያጸና ብዙ ካልስየም አለበት፤ ከመቶ ሦስት ተኩል እስከ አራት እጅ ይደርሳል። ለሚያድግ ቄብ የሚበቃው ግን ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው፤ ከዚያ የበዛው ለረጅም ጊዜ ሲበላ ኵላሊትዋን ይጐዳል። አብረው ከሆኑ በኋላ ለየብቻ መመገብ ስለማይቻል፥ ለሁሉም የታዳጊ መኖ ሰጥቶ ካልስየሙን በሌላ ዕቃ ለብቻው ማቅረብ ነው። የእንቍላል ቅርፊት በምጣድ ጥቂት አምሶ፥ ደቆ ቅርጹ እስኪጠፋ ወቅጦ ማስቀመጥ ይበቃል። እንቍላል የምትጥለው ፈልጋ ትለቅመዋለች፤ ቄቧ እምብዛም አትነካውም። ቅርጹ ያልጠፋ ቅርፊት መስጠት ግን ዶሮ የራስዋን እንቍላል ሰብራ እንድትበላ ሊያስተምራት ይችላል።

ከተቀላቀሉ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የነባሮቹ እንቍላል ቢቀንስ አያስደንቅም፤ ሲረጋጉ ይመለሳል። መረጋጋቱም አንዳንድ ጊዜ በሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም በሦስት ሳምንት ይሆናል። ቄቦቹ ለብዙ ጊዜ ለብቻቸው ተሰብስበው ቢጭሩና በቆጡም ጫፍ ላይ ተጠጋግተው ቢያድሩ ተጣልተዋል ማለት አይደለም፤ አብሮ አደጎች ስለ ሆኑ ነው።

አምስት ወይም ስድስት ወር ሲሞላቸው የራሳቸው ዘውድ ይቀላል፤ ባለቤቱም እጁን በጀርባቸው ላይ ሲያኖር ዝቅ ይላሉ። ያን ጊዜ አንድ የመጨረሻ ጠብ ይነሣል፤ እርሱም የመጣያ ሣጥን ጠብ ነው። ነባሮቹ ቄቧን ከሣጥኑ ሲያባርሩአት የመጀመሪያ እንቍላልዋን ከማገዶው ክምር ኋላ ወይም ከጐረቤት ጓሮ ትጥላለች፤ ሽለምጥማጥ ካልቀደመ የጐረቤት ልጅ ያገኘዋል። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ስለሚያስፈልግ፥ ዘውዳቸው ከመቅላቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ አንድ አሮጌ ሣጥን ገለባ ተነጥፎበት፥ ከነባሮቹ መጣያ ራቅ ባለ ጨለማ ጥግ ይቀመጥላቸው።